መልስ፦ ዱቄት እንዴት ሊፈነዳ ይችላል?
ወንድሜ፣ ወፍጮ ቤት ለመክፈት አስበህ «ዱቄት ባሩድ አይደለም፤ እንዴት ይፈነዳል?» ብለህ ጠይቀሃል። ቁም ነገሩ መበተኑ ላይ ነው። ጆንያ ውስጥ ያለ ዱቄት ክብሪት ቢለኮስበት ላዩ ብቻ ጠቁሮ ይጨሳል፤ ውስጡ ኦክስጅን አያገኝምና። አየር ላይ ሲቦን ግን እያንዳንዷ ቅንጣት በኦክስጅን ትከበባለች። አንዷ ስትቀጣጠል ጎረቤቷን ትለኩሳለች፤ ደመናው በሙሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይነድዳል። የጋለው አየር በድንገት ሲሰፋ ቤቱ ዝግ ከሆነ መውጫ ያጣው ግፊት ግድግዳውን ይገነድሰዋል። ያው ብናኝ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ቦግ ብሎ በጠፋ ነበር።

በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ዋሽበርን ኤ የተባለው ግዙፍ ወፍጮ ቤት በ1878 እ.ኤ.አ. የወደመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ 18 ሰዎች ሞተዋል። ስኳር፣ የከሰል ብናኝና ሰጋቱራም ያው ናቸው።

ስለዚህ እባክህ፣ ሞተሩንና የኤሌክትሪክ ገመዱን ብቻ አትፈትሽ። ቀና ብለህ ጣራው ማገር ላይ የተኛውን ነጭ ብናኝ እይ፤ በየጊዜውም አስጠርገው። የመጀመሪያው ትንሽ ፍንዳታ አራግፎ ለሁለተኛው፣ ለትልቁ የሚያቀብለው እርሱን ነው።