አዲሱ ሌክሰስ አርኤክስ ለወሎ መንገድ ይሆናል? ጠይቁኝ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ መኪና በመጠገን የኖርኩ ነኝ። ሰሞኑን ከደሴም ከውጭም «ቀጣዩ መኪናዬ አዲሱ አርኤክስ ቢሆንስ?» የሚሉኝ በዝተዋልና የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦ ጋሼ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ቪ6 ሞተር ቀርቷል ይላሉ። አራት ሲሊንደር ይህን የሚያህል መኪና የኮምቦልቻ–ደሴን ዳገት፣ ሐረጎን ያወጣዋል?

መልስ፦ ያወጣዋል፣ አብሽር። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነው በአምስተኛው ትውልድ 3.5 ሊትሩ ቪ6 ቀርቶ 2.4 ሊትር ቱርቦ ገብቷል። ጉልበቱ ከ295 ወደ 275 የፈረስ ጉልበት ወርዷል፤ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። ቁጥሩ ግን በባሕር ጠለል ከፍታ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ አብሮት ይወርዳል፤ የድሮው 295 ሐረጎን ጨርሶ ደሴ ሲገባ 220 ገደማ ሆኖ ነው። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛው ጉልበቱ አይጎድልበትም። እኛ አገር ትንሹ ሞተር ትልቁን ይቀድማል ማለት ነው።

አደራ የምልህ ዘይቱን ነው። ቱርቦ የቆየ ዘይት አይችልም። ዳገት ጨርሰህ ስትቆምም ወዲያው አታጥፋው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀዝቅዝ።

ጥያቄ፦ ባለ ቱርቦው 350 ወይስ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የሚያጣምረው ሃይብሪዱ 350ኤች?

መልስ፦ እኔ ብሆን ሃይብሪዱን። በአሜሪካ መለኪያ 350ኤች በ100 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር ገደማ ሲጠጣ ባለ ቱርቦው ወደ 10 ይጠጋል። ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ ላይ ላደረ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። 2.5 ሊትሩ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው ደጋ ላይ ይደክማል፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ግን ከፍታ አያውቁምና ያግዙታል።

ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርድ ፍሬኑ ባትሪውን ይሞላልሃል። ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ሊሞላ ይችላል። ያኔ በማርሽ ያዘው እንጂ ፍሬን ረግጠህ አትውረድ። በሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን ሸራው ተቃጥሎ የመጣልኝ መኪና ብዙ ነው።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ለአባቴ አንድ ገዝቼ ልልክለት አስቤያለሁ። ወልድያ ነው የሚኖረው።

መልስ፦ ልብሽ ይባረክ፣ ግን ገንዘቡን እንዳታወጪ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ተከልክሏል። ሃይብሪዱም ቤንዚን የሚጠጣ ነው። ለራስሽ እዚያ ከገዛሽው መልካም መኪና ነው፤ ለአባታችን ግን ያለው መንገድ ቀድሞ አገር ውስጥ የገባ መግዛት ወይም ኤሌክትሪክ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ከሆነስ? አዲሱን ቢኤምደብሊው አይኤክስ 3 አይቼ ልቤ ሄደ።

መልስ፦ ልብ የሚወስድ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ይፋ የሆነው 108 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ በአውሮፓ መለኪያ እስከ 805 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሏል። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመሀል ጣርማ በርን መውጣት ቢኖርም እንኳ በአንድ ሙሌት ለመድረስ ሰፊ ትርፍ አለው።

ጭንቀቱ ያለው ማታ ቤት ስትገባ ነው። በ400 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጅ ይሞላል ይባላል፤ ያ ግን የጣቢያው ጉልበት ነው። ከቤት ሶኬት በ2 ኪሎዋት ብትሞላው ባዶው ባትሪ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል፤ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር 15 ሰዓት ገደማ ነው። መኪናውን ከማየትህ በፊት ኤሌክትሪሽያን ጠርተህ ቆጣሪህንና መስመርህን አስመርምር። መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ? እሱንም አብረህ አስብ።

ጥያቄ፦ ባለ 21 ኢንች ቸርኬው አርኤክስ ያምራል፣ ልውሰደው?

መልስ፦ አትውሰደው! ባለ 19ኙ ጎማ 235/60 ነው፣ ባለ 21ዱ 235/50። ከቸርኬው እስከ አስፋልቱ ያለው ጎማ በመጀመሪያው 14 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሁለተኛው 12 አይሞላም። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ቸርኬህን የሚያድነው ይህ ልዩነት ነው። የተጣመመ ቸርኬ ይዞ የመጣ ሰው እንባ ሲያቀርር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጎሚስታውም በዚያ ልክ ጎማ የለውም። ስኮርታውንም ሳታይ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ሰባት ቤተሰብ ነን።

መልስ፦ አዲሱ አርኤክስ አምስት ሰው ነው። ባለ ሦስት ረድፍ ከፈለጋችሁ የሌክሰስን ቲኤክስ እዩ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አዲሱን ትቼ የበፊቱን ቪ6 እዚሁ ብገዛስ? አንድ ሰው እየሸጠ ነው።

መልስ፦ አይከፋም፤ እንዲያውም ለብዙዎቻችሁ የምመክረው እሱን ነው። ሞተሩን እዚህ አገር ያለ ሜካኒክ ለምዶታል፣ ዕቃውም ይገኛል። ሊብሬውን ከሻንሲው ቁጥር ጋር አመሳክር። ከዚያ እሑድ ጠዋት ይዘኸው ና፤ ሐረጎን አብረን ወጥተን እንወርዳለን። ስንወጣ ሙቀቱን አያለሁ፣ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ያንገራግር እንደሆነም አዳምጣለሁ። ስንወርድ ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዋጋውን እናስቀንሳለን።