ጥያቄና መልስ፦ የቂጥኝ ምርመራና ሕክምና

አንድ አንባቢ፣ በጋራ መጸዳጃ ቤት መቀመጫ ቂጥኝ ይይዘኝ እንደሆነ ብለው ይጠይቃሉ።

አይይዝዎትም።

አንድ ወጣት ደግሞ ብልቱ ላይ የማያም ቁስል ወጥቶበት፣ ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ ጥቂት ቀን እንደ ዋጠና ቁስሉ እንደ ጠፋ ገልጾ፣ ድኛለሁ ወይ ይላል።

የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ምንም ባይደረግለትም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይደርቃል፤ ባክቴሪያው ግን ከሰውነት አይወጣም። ኋላ መዳፍንና ውስጥ እግርን ጭምር በሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማያሳክክ ሽፍታ ሊመለስ፣ ከዚያም ለዓመታት ተደብቆ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትል ጤና ጣቢያ ሄደህ ደምህን አስመርምር፤ የኤችአይቪ ምርመራም አብረህ አድርግ። በራስ ግምት መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ይብቃ።

የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች እህት በእርግዝና ክትትል ላይ ቂጥኝ ተገኝቶባት መርፌ ታዞላታል። መርፌው ፅንሱን ይጎዳው እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ባለቤቷ ደግሞ «እኔ ምንም አልተሰማኝም፣ ያመጣሽው አንቺ ነሽ» ብሎ አልመረመርም ብሏል።

እህቴ፣ ፅንሱን የሚጎዳው መርፌውን መተው ነው። ያልታከመ ቂጥኝ ለውርጃ፣ ሞቶ ለመወለድና በሽታውን ይዞ ለመወለድ ይዳርጋል። ያ እንደ ወተት የነጣ፣ በሁለቱም መቀመጫ ላይ ተከፍሎ የሚወጋና የሚያም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ልጁንም ያክማል። ሌሎች የሚዋጡት ዶክሲሳይክሊን ለአንቺ አይሆንም፤ ፔኒሲሊን የማይስማማሽ ከሆነ ከመወጋትሽ በፊት ተናገሪ። በሽታው መቼ እንደ ያዘሽ ካልታወቀ መርፌው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት ይሰጣል፤ አንዱንም አትዝለዪ። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ትኩሳት ሊኖር ይችላል፤ ምጥ የሚመስል ቁርጠት ከተሰማሽ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ልጁም ሲወለድ መመርመር አለበት።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሚስቱን ክትትል ክፍሉ በር ድረስ ሸኝቶ ግቢ ውስጥ የሚጠብቅ ባል ብዙ ነው፤ የሚጠበቅበት ግን አብሯት ገብቶ ክንዱን ለምርመራ መዘርጋት ነው። ቂጥኝ ያለ ምንም ስሜት ለዓመታት በደም ውስጥ ስለሚኖር «አልተሰማኝም» ማለቱ ነፃ መሆኑን አያሳይም። ማን ለማን እንዳስተላለፈም የደም ምርመራ አይናገርም፤ ከጋብቻችሁ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ መታከም ዳግመኛ ከመያዝ ስለማይከላከል፣ እሱ ሳይታከም አብራችሁ ብትተኙ ሦስቱም መርፌዎች ከንቱ ሊሆኑና ልጁ እንደገና አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለታችሁም ሕክምናችሁን እስክትጨርሱና ሐኪም እስኪፈቅድላችሁ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። አዋላጇ እሱን አስጠርታ እንድታነጋግረው ጠይቂያት፤ ዱላ ወይም ዛቻ የምትፈሪ ከሆነ ደግሞ ለእሱ ምንም ከመናገርሽ በፊት ለእሷ ንገሪያት። ይህን አጥብቄ እለምንሻለሁ።

በመጨረሻም፣ ከሁለት ዓመት በፊት ታክመው ለዓረብ አገር ጉዞ ሲመረመሩ እንደገና «ፖዘቲቭ» የተባሉ አንባቢ አሉ።

አንደኛው የምርመራ ዓይነት ከታከሙም በኋላ በአብዛኛው ሰው ላይ ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። መዳንን የሚያሳየው አርፒአር ወይም ቪዲአርኤል የሚባለው የሌላኛው ምርመራ መጠን መውረዱ ነው፤ ለምሳሌ ከ1፡32 ወደ 1፡8፣ ማለትም የኋለኛው ቁጥር ሲያንስ። የሕክምና ማስረጃዎን ይዘው ይሂዱ፤ የቀረውን ሐኪምዎ ያስረዱዎታል።