ለጨጓራና ለጉንፋን የቻይና ባህላዊ ሕክምና ልሞክር ወይ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጓንዡ ለትምህርት ከመጣሽ ወዲህ ጨጓራሽ እንደሚያቃጥልሽ፣ ጉንፋኑም ሄደ ሲሉት እየተመለሰ እንዳስቸገረሽ፣ የማደሪያ ክፍል ጓደኞችሽ የሚሰጡሽን ዱቄትና ሻይ እየጠጣሽ መቆየትሽን ጽፈሽ፣ ገበያው አጠገብ በራሪ ወረቀት ወደሚያድለው የባህል ሕክምና ቤት ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ ብለሽ ጠይቀሻል። በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ጨጓራ፣ ምናልባትም በዚያው በር ከአንቺ በፊት የገባሁ ሰው ስለሆንኩ መልሱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ። ሕክምናውን ሞክሪው፤ ወደዚያ ቤት ግን እንዳትሄጂ።

1. ከሁሉ አስቀድመሽ የመንግሥት ሆስፒታል ሂጂ። ካርድ ለማውጣት ፓስፖርትሽን ያዢ፤ ቀጠሮውን በዊቻት (ሁሉ ሰው በሚጠቀምበት የቻይና የስልክ መተግበሪያ) ማስያዝ ስለሚቻል በጠዋት መሰለፍ አያስፈልግሽም። እዚሁ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1933 የተመሠረተው የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሆስፒታል አለ፤ ስሙ ባህላዊ ስለሆነ ላቦራቶሪና ኤንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ የሚያዩበት መሣሪያ) የሌለው እንዳይመስልሽ፣ ሁለቱም ዓይነት ሕክምና በአንድ ግቢ ይሰጣል። በሄድሽበት ቀን ቡና ጠጥተሽ አትግቢ፤ ሐኪሞቹ የምላስን ቀለምና ሽፋን አይተው ስለሚወስኑ ቡና የጠጣ ምላስ ያሳስታቸዋል። (ለእኛ ሰው ከሕክምናው ሁሉ ከባዱ ይህ መሆኑን አውቃለሁ።)

እኔን ያየችኝ ሐኪም ሦስት ጣቶቿን በእያንዳንዱ እጄ አንጓ ላይ ደርድራ ጫን ላላ እያደረገች ትርታዬን አዳመጠች፣ ምላሴን አየች፣ እንቅልፌንና ሰገራዬን ሳይቀር ጠየቀች፣ ከዚያም የጓንዡ አየር እርጥበት ሆዴ ውስጥ እንደገባ ነገረችኝ። ቅጠል ከማዘዟ በፊት ግን ለሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የትንፋሽ ምርመራ ላከችኝ፤ ይህ ባክቴሪያ ከተገኘ የሚታከመው በአንቲባዮቲክ ነውና ቅጠሉ ጊዜ ከማባከን በቀር እንደማይጠቅም ራሷ ናት የነገረችኝ። ለምርመራው ባዶ ሆድሽን መሆን አለብሽ፤ አንቲባዮቲክ ወስደሽ ከሆነ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ወስደሽ ከሆነ ደግሞ 2 ሳምንት ማለፍ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ሰገራሽ ከጠቆረ፣ ከከሳሽ ወይም የሚያስመልስሽ ከሆነ ይህን መልስ ማንበብሽን ትተሽ ዛሬውኑ ሂጂ።

የታዘዘልኝ መድኃኒት የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ፣ የሊኮሪስ ሥርና ከሌሎች ቅጠሎች ጋር የተፈጨ የባሕር እንስሳ አጥንት ያለበት ነበር። አጥንቱ ካትልፊሽ ከሚባለው የሚገኝ ሲሆን አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድን እንደሚያበርድ ማንም የኬሚስትሪ ተማሪ ይነግርሻል። ሊኮሪስ ግን ብዙ ጊዜ ከተወሰደ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየምም ያወርዳል፤ ግፊት ካለብሽ ቀድመሽ ተናገሪ። በማደሪያሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚከለከል ከሆነ፣ እንደሚከለከልም እገምታለሁ፣ መድኃኒቱን የሆስፒታሉ ፋርማሲ ራሱ አፍልቶ በትንንሽ ከረጢት አሽጎ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ ከረጢቱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረሽ ማሞቅ ብቻ ነው የሚቀርሽ። ቤት ውስጥ የምታፈዪ ከሆነ ግን ሸክላ ድስት ተጠቀሚ፤ ብረትና አሉሚኒየም አይሆንም።

2. የምትወስጂውን ሁሉ ተናገሪ፤ ማሸጊያውንም አንብቢ። ጓደኞችሽ ለጉንፋኑ የሚሰጡሽ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ጋንማኦሊንግ ይመስለኛል፤ እዚህ አገር በየቤቱ የማይጠፋ ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ ቅጠል ተሥሎበታል፣ የፈቃድ ቁጥሩም የቻይና ባህላዊ መድኃኒት መሆኑን በሚያመለክተው ዜድ በሚለው ፊደል ይጀምራል፤ የዘመናዊው መድኃኒት ፊደል ኤች ነው። ይሁንና አንዷ የ10 ግራም ከረጢት ውስጥ 200 ሚሊግራም ፓራሲታሞል፣ 4 ሚሊግራም ክሎርፌኒራሚን (እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት) እና ጥቂት ካፌይን አለ። ቪታሚን ሲ ዪንጭያኦ የሚባለው እንክብልም እንዲሁ ፓራሲታሞል አለበት። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሁለቱን ደራርባ፣ በላዩ ላይ ከአገር ቤት ያመጣችውን ፓራሲታሞል እየዋጠች “ቅጠል ብቻ ነው የምወስደው” ስትል፣ ካርቶኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ መጠኑን አንድ በአንድ የደመርኩላት እኔ ነኝ፤ ጉበቷን ከፓራሲታሞል ብዛት ያዳንኩት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ቀን ቀን ክፍል ውስጥ ለምን እንደምታንቀላፋም የዚያን ዕለት ገባት፤ ክሎርፌኒራሚኑ ነበር።

ሁለተኛው አደጋ ሁኦሺያንግ ጀንግጪ ሹዪ ነው። ሆድ ሲረበሽና ሙቀት ሲያዞር በትናንሽ ጠርሙስ የሚጠጣ፣ ለአፍንጫ የሚከብድ ቡናማ ፈሳሽ ነው፤ ግማሽ የሚጠጋው አልኮል ነው። እኛ ሐበሾች ደግሞ ሻንጣችን ውስጥ ሜትሮኒዳዞል ሳንይዝ ከቦሌ አንነሣም። ሜትሮኒዳዞል ወይም ሴፋሎስፖሪን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ከአልኮል ጋር ሲገናኙ ፊት ሊያቀሉ፣ ልብ ሊያስመቱ፣ ሊያስመልሱና ሰው ሊጥሉ ይችላሉ። ያንኑ መድኃኒት የግድ ከፈለግሽው አልኮል የሌለበት ዓይነት አለና ፋርማሲውን እሱን ጠይቂ።

3. ያ ቤት። ዶክተር ነኝ ያለው ሰው ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ ግድግዳው በወርቃማ ጽሑፍ የተሸለመ ነው፤ የእጄን አንጓ ሻይ ለመቅዳት የሚበቃ ጊዜ ያህል እንኳን ሳይይዝ ኩላሊትሽ ደክሟል አለኝ። የሄድኩት ለአንገቴ ሕመም ነበር። ያስተረጎመልኝ የገበያው ደላላ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ “ሙሉ ጥቅል” ካልገዛሁ ሕክምናው እንደማይጀመር ነገረኝ፤ ድርሻው ከዚያው እንደሚታሰብለት ኋላ ነው የሰማሁት። በእጄ የተሰጠኝ ስም ያልተጻፈበት ፌስታል ውስጥ ያለ ጥቁር ክኒን ነው። ምን እንዳለበት ስጠይቅ ከአያት የወረደ የቤተሰብ ምስጢር ነው ተባልኩ፤ የቅጠሉን ስም ከተናገርኩት መድኃኒቱ ይረክሳል እንደሚለው እንደ አገራችን መድኃኒት አዋቂ ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ወረቀት መጠየቄ አስቆጥቷት “ቅጠል ነው፣ ቅጠል አይጎዳም” ብላ ፊቷን ወደ ስልኳ አዞረች።

ይህን “ቅጠል አይጎዳም” የሚለውን ነገር ከጥያቄሽ ሥር አንድ ወንድማችን ጽፎታልና መልስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት ብለው የቻይና ቅጠል የተቀላቀለበት መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች አሪስቶሎኪክ አሲድ በሚባል ንጥረ ነገር ምክንያት ኩላሊታቸው ደርቋል፤ ቻይና ራሷ ይኸው አሲድ ያለበትን ጓንሙቶንግ የሚባል ቅጠል ከመድኃኒት ዝርዝሯ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በሌላ በኩል ሁሉም ጥንቆላ ነው ያለችው እህት ደግሞ ኮአርተምን ታስታውስ። አገራችን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወባ የምትሰጠው ይህ መድኃኒት መነሻው አርቴሚሲኒን ነው፤ ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ከጥንታዊ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ፍንጭ አግኝታ፣ ቅጠሉን በማፍላት ፈንታ በዝቅተኛ ሙቀት ኢተር በሚባል ፈሳሽ አጣርታ ያገኘችው፣ በእንስሳትም በሰውም ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ቱ ዩዩ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ለዓለም ጽፋ አሳውቃለች፤ የእኔው ሰውዬ ፌስታል ነው የሰጠኝ።

ክኒኑን በወሰድኩ በማግስቱ የአንገቴ ሕመም ጥርግ ብሎ ጠፋ፤ ደስታዬም ትልቅ ነበር። ጨጓራዬ ማቃጠል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የመንግሥት ሆስፒታሏ ሐኪም ፌስታሉን አይታ ቅጠል እንዲህ በአንድ ሌሊት አይሠራም፣ የሕመም ማስታገሻ ወይም ስቴሮይድ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል ብላ አስጣለችኝ። እንዲህ ያለ ቅልቅል በብዙ አገር በተደጋጋሚ የተገኘ ነገር ነው። ገንዘቤን ልጠይቅ ስመለስ ደላላው አያውቀኝም፣ ልጅቷ ጮኸችብኝ፣ ሰውዬው “ወደ አገርሽ ሂጂና ታከሚ” አለኝ። መድን ድርጅቱም ፋፒያኦ፣ ማለትም ሕጋዊው የግብር ደረሰኝ፣ የለሽምና አንከፍልም ሲል በአንድ መስመር መልእክት አሰናበተኝ፤ ደረሰኝ አልሰጥም ያለው ቤት ያደረሰብኝን ጉዳት ማስረዳት የሚቻልበት መስኮት እንኳ አልነበራቸውም። እኔ ግን አልተውኳቸውም፤ ቻይናዊት የክፍል ጓደኛዬ 12345 በሚለው የከተማው አስተዳደር ስልክ አቤቱታ አስመዘገበችልኝ፣ ከዚያ በኋላ “የማያውቀኝ” ደላላ ራሱ ደውሎ የገንዘቡን ከፊል መለሰ። ስለዚህ የትም ብትሄጂ ስምና ግራም የተጻፈበት የመድኃኒት ማዘዣና ፋፒያኦ ሳትቀበዪ አትክፈዪ፤ መድንሽ የተመላላሽ ሕክምናን እስከ ምን ያህል እንደሚሸፍንም ውሉን አሁኑኑ አንብቢ።

አንገቴን ያዳነው በመጨረሻ እዚያው የመንግሥት ሆስፒታል ያገኘሁት ቱይና የሚባለው እሽትና ዋግምት ነው። እዚህ በቀንድ ፈንታ በብርጭቆ ይሠራል፣ በአብዛኛውም ቆዳ አይበጡም፤ ክቡ የበለዘ ምልክት ለተወሰኑ ቀናት ይቆያል፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ ግን አይቻልም። የቅጠሉን መድኃኒት ለጨጓራ ወስጄ ቃሩ ቀንሶልኛል፤ ሐኪሟ በርበሬና ቀዝቃዛ መጠጥ ስለከለከለችኝና ከመኝታ በፊት መብላት ስላቆምኩም ጭምር ይመስለኛል።

የምትጾሚ ከሆነም ቀድመሽ ተናገሪ። በማዘዣው ውስጥ የምድር ትል፣ የበራሪ ነፍሳት ቅርፊት፣ ለሴቶች ደም ማነስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኧጂያኦ፣ ማለትም ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ሊገባ ይችላል። ቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ በ2017 እ.ኤ.አ. የተዘጋው፣ የአፍሪካ ኅብረትም በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የአህያ ቆዳ ንግድን ያገደው በዚሁ ሙጫ ፍላጎት ሳቢያ ነው። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አልወስድም ስላት ሐኪሟ ቅር ሳይላት በሌላ ቅጠል ለውጣልኛለች፤ የካትልፊሹን አጥንት ግን ተቀብያለሁ፣ የባሕር እንስሳ በጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም።

ማዘዣው በቻይንኛ ብቻ ስለሚጻፍ፣ ስምሽንና የካርድ ቁጥርሽን ሸፍነሽ ፎቶውን እዚሁ ላኪው፤ የእንስሳቱን ስሞች ከነግራማቸው አሁን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አይቼ እጽፍልሻለሁ።