ቁልፉን የምትጫኚው አንቺ ብቻ ነሽ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ በኤፒዱራል (በወገብ በሚሰጥ የምጥ ሕመም ማደንዘዣ) ስትወልድ ማሽን ተገጥሞላት፣ ምጡ ሲበረታባት ራሷ ቁልፍ እየተጫነች መድኃኒት ትጨምር እንደነበር ነገረችኝ። እኔ የምከታተልበት የግል ሆስፒታል ግን «እኛ ጋ ባለሙያው እየመጣ ይጨምርልሻል» አሉኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አማቴ ደግሞ «ወገብሽን ዕድሜ ልክ ያሳምምሻል» እያሉ አስፈርተውኛል። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ አወጋጉ በሁለቱም መንገድ ያው ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጪና ትራስ አቅፈሽ፣ አገጭሽን ደረትሽ ላይ ጥለሽ ወገብሽን ታጎብጪያለሽ። ቆዳሽን አደንዝዤ መርፌውን በታችኛው ወገብሽ አጥንቶች መካከል አስገባለሁ። ትክክለኛዋ ክፍተት ላይ ስደርስ፣ ሲታገለኝ የቆየው የስሪንጁ መግፊያ ድንገት ይላላል። ያን ጊዜ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አሳልፌ መርፌውን አወጣለሁ፤ ጀርባሽ ላይ የሚቀረው ቱቦው ብቻ ነው። መሃል ላይ ምጥ ከመጣብሽ «መጣ» በይ፣ እስኪያልፍ እንጠብቅሻለን።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከ0.0625 እስከ 0.1 በመቶ የቀጠነ ቡፒቫኬይን (ማደንዘዣ) ከጥቂት ፌንታኒል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ጋር ነው። ድሮ 0.25 በመቶው ሲሰጥ እግር አልታዘዝ ይል ነበር፤ በቀጭኑ ግን አብዛኞቹ እናቶች እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ሲያምጡም ይገፋሉ።

በእጅ ሲጨመር አንዱ መጠን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ያሳርፍሻል። በሰዓቱ ከተሰጠ ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ መጠበቁ ነው። ባለሙያው ኦፕራሲዮን ክፍል ከገባ እናትየዋ «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ትጀምራለች፤ አንዴ ተመልሶ የበረታን ሕመም ደግሞ እንደገና ማብረድ ከባድ ነው።

የአክስትሽ ልጅ ማሽን፣ ማለትም ፓምፑም፣ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንደኛው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ በዝግታ ይለቃል። ሁለተኛው በየ40 ወይም በየ60 ደቂቃው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያህል በአንዴ ይሰጣል። የሚንጠባጠብ ውኃ ባለበት እንደሚቀር፣ ሲደፋ ግን እንደሚዳረስ ሁሉ፣ በአንዴ የተሰጠው መድኃኒት የተሻለ ይሠራጫል፤ ጠቅላላ መጠኑም ያንሳል፤ እግርም ብዙም አይከብድም። የአክስትሽ ልጅ የነገረችሽ ቁልፍ ከሁለቱም ጋር ይሠራል። ደጋግመሽ ብትጫኚውም ፓምፑ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ፣ ተጨማሪ አይሰጥሽም።

ይህን ግን አደራ፦ ባልሽም እናትሽም ቁልፉን እንዳይነኩት። መድኃኒቱ የከበዳት፣ ያንቀላፋች እናት ቁልፍ አትጫንም፤ ከመጠን በላይ እንዳይገባ የሚጠብቅሽ አንዱ ነገር ይህ ነው። ለፍቅር ብሎ የሚጫን ሰው ያንን ጥበቃ ያፈርሰዋል።

ቁልፍ ያለው ፓምፕ ካገኘሽ እሱን ምረጪ፤ ከሌለም በእጅ የሚጨመረውን አትናቂው። እኔ አንቺን ብሆን አሁኑኑ ሄጄ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሕመሙ ቢመለስብኝ ማን ይመጣል? እሱ ኦፕራሲዮን ላይ ቢሆንስ? መድኃኒት በተጨመረ ቁጥር በየ5 ደቂቃው ግፊቴን የሚለካ፣ የልጁን የልብ ምት የሚያዳምጥ ሰው አጠገቤ ይኖራል? ግፊት ሊወርድ ስለሚችል ይህ ለድርድር አይቀርብም። ፓምፕ ካላቸው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይይዝ እንደሆነ ጠይቂ።

መድኃኒቱ መያዙን የምናረጋግጠው አልኮል በነካ ጥጥ ነው። ክንድሽን ነክተን፣ ቀጥሎ ሆድሽንና ጭንሽን እየነካን «እኩል ይቀዘቅዝሻል?» እንልሻለን። መድኃኒቱ በያዘበት ቦታ ቅዝቃዜው አይሰማሽም ወይም ይቀንሳል። አንዱ ጎን ብቻ ከቀዘቀዘሽ ዝም አትበይ፤ ቱቦውን ትንሽ መሳብ ወይም አተኛኘትሽን መለወጥ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ስለ ወገቡ፦ የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያምሽ ይችላል፤ ኤፒዱራል ዘላቂ የወገብ ሕመም እንደማያመጣ ግን ተጠንቷል። ብዙ ሴቶች ሳይወጉም ከወሊድ በኋላ ወገባቸውን ያማቸዋል። ይልቅ የምትጠነቀቂው ራስ ምታትን ነው። ከ100 እናቶች በአንዷ ገደማ መርፌው በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለውን ሽፋን ሊበሳ ይችላል፤ ያኔ ስትቀመጪ የሚብስ፣ ስትተኚ የሚቀል ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። «የአራስ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ሆስፒታል ተመለሺ፣ ሕክምና አለው። ይህንን ለአማትሽም ንገሪያቸው፤ በአራስነትሽ አጠገብሽ የሚሆኑት እሳቸው ናቸውና።