መልስ፦ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ስለተገኘው እርጥብ ግድግዳ

በገዛኸው ቤት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ረጥቦ አግኝተህ ምን ላድርግ፣ የቤቱን ሻጭስ መጠየቅ እችላለሁ ወይ ብለሃል። ፍቀህ አትቀባው፤ ገና ነው። ቁም ሳጥኑን ስታነሳ ያየኸው ያበጠ ልስንና ጥቁር ሻጋታ ውጤቱ ነው፣ ምንጩ ሌላ ቦታ አለ። ሻጩን መጠየቅ እችላለሁ ወይ ላልከውም፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣና ከመቼ ጀምሮ እንደነበር ሳታውቅ ክርክር አትግጠም።

1. ምንም ሳትነካ ፎቶ አንሳ፤ ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቅ። በስልክ መጨቃጨቅ ማስረጃ አይሆንም። ጉድለትን ለማሳወቅ የጊዜ ገደብ ሊኖር ስለሚችል ውሉን ቶሎ ለሕግ ባለሙያ አሳይ።

2. ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጋና የቆጣሪውን ቁጥር መዝግብ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ የውሃ መስመር አለ። ካልተንቀሳቀሰም ገና አልተገላገልክም፤ የፍሳሽ ቱቦ ቢቀደድ ቆጣሪው አያውቀውም። ሻወር በተወሰደ ቁጥር የሚብስ ከሆነ ፍሳሹን፣ ከዝናብ በኋላ የሚብስ ከሆነ ጣሪያውንና አሸንዳውን ጠርጥር። ከወለሉ ተነስቶ ነጭ ጨው እያወጣ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከመሬት የሚሳብ ሊሆን ይችላል፤ ይሄኛው አስቸጋሪው ነው።

በዚያ ግድግዳ ላይ ሶኬት ካለ መስመሩን አጥፋ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደጋግሜ ስላየሁት፦ ቧንቧው በተጠገነ ማግስት ግድግዳው በዘይት ቀለም ይለቀለቃል። ለጊዜው ያምራል። ግን ግድግዳ ለመድረቅ ሳምንታት፣ ወፍራም ከሆነ ወራት ይፈልጋል፤ ዘይት ቀለም እርጥበቱን ውስጥ ያፍነውና ልስኑ እንደገና ይረግፋል። የረጠበውን ልስን አስነቅለህ፣ መስኮት ከፍተህ፣ ሳይቀባ ይቆይ።