ስለ ፔኖብስኮት መልእክተኞች የአፍ ትረካ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ፔኖብስኮቶች (የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ነባር ሕዝብ) ወደ ዋባናኪ ኅብረት፣ ማለትም ወደ አጎራባች ነባር ሕዝቦች የጋራ ጉባኤ፣ ስለላኳቸው መልእክተኞች ስትጠይቂኝ «ጉባኤው ከቀረ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የተጻፈ የአፍ ትረካ እንዴት ማስረጃ ይሆናል?» ብለሻል። ሜይን ስኖር የአዛውንቶችን ቃል ከሚቀዱ ሰዎች ጋር ስለሠራሁ፣ የገባኝን ልንገርሽ።

ዘግይቶ መጻፉ እውነት ነው። ፔኖብስኮቶች ከዋባናኪ ኅብረት የወጡት በ1862 ገደማ ሲሆን (በፈረንጅ አቆጣጠር)፣ የባህል አጥኚው ፍራንክ ስፔክ ከእነርሱ የሰማውን ያሳተመው በ1915 ነው። ቀንና ዓመት ፍለጋ ከሄድሽ ትረካው ብዙ አይረዳሽም። የጉባኤውን ሥርዓት ከፈለግሽ ግን እኔ ከማንኛውም የሹም ደብዳቤ አስበልጬ አምነዋለሁ።

ምክንያቱም ትውስታው ኃላፊ ነበረው። ለጉባኤ ካናዳ ውስጥ ሞንትሪያል አጠገብ ወዳለችው ካናዋኬ፣ ሞሃውክ ወደሚባሉት ነባር ሕዝብ አገር፣ የሚሄድ መልእክተኛ ዋምፐም ይይዝ ነበር፤ ከባሕር ቅርፊት የተሠራ ነጭና ሐምራዊ ዶቃ ነው። ለጥሪ ዘለላው፣ ለቃል ኪዳን መቀነቱ። ዶቃው ያለ ሰው አይናገርም፤ ቃሉን ከቀደመው ሰው የተማረ አንባቢ መቀነቱን ይዞ ይቆምና በጉባኤው ፊት ይለዋል። ያን ቃል ሲሰሙ ባደጉ ሰዎች ፊት እንዳሻው መጨመር ቀላል አይደለም።

የወገኖቹም ደረጃ በዝምድና ነው የተያዘው። በፔኖብስኮቶች ትረካ ታላቅ ወንድም እነርሱ ናቸው፤ ከኅብረቱ ሌሎች ሕዝቦች ፓሳማኳዲና ማሊሲት ይከተላሉ፣ ሚክማቅ ታናሽ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በዪ፤ ታላቅነቱን የሚነግሩሽ ራሳቸው ታላቆቹ ናቸው። ስለዚህ ሌላውን ወገን አጠገቡ አስቀምጪው። የፓሳማኳዲው ሉዊስ ሚቸል ያቆየው፣ በ1897 የታተመው ቃልም አለ፤ እዚያም ካናዋኬ ያለው ወገን አባት ነው፣ ያልታዘዘውን የሚቀጣበት በትር በእጁ ተሰጥቶታል። በየፊናቸው የተነገሩት ትረካዎች ጉባኤውን እንደ አንድ ቤተሰብ ካሳዩ፣ ያንን ክፍል ያለ ፍርሃት ጻፊው።

አዛውንት ስትጠይቂ «መቼ ነበር?» ብለሽ አትጀምሪ። ልምዴ እንዳሳየኝ ሰው ዓመት ሲጠየቅ ይጨነቃል፣ ለማስደሰትም ይገምታል። «እንግዳው ሲደርስ ማን ወጥቶ ይቀበላል? ማን ይቀድማል? ቃሉን የሚመልሰው ማን ነው?» ብትዪ ግን የአባቱን ድምፅ ጭምር ያወጣልሻል። መሐል ገብተሽ አታርሚ፤ ሲደጋግምም ተዪው፣ የሚደጋገመው ብዙ ጊዜ በቃል የተያዘው ክፍል ነው።

ኅብረቱ በ1993 እንደገና ስለተቋቋመ፣ ዛሬ በጉባኤ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ከመቅዳትሽ በፊት ግን ሜይን ውስጥ ኢንዲያን አይላንድ ያለውን የፔኖብስኮት ብሔር የባህልና ቅርስ ክፍል አስፈቅጂ፤ ቅጂው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው የመወሰን መብት የእነርሱ ነው።