ጠምበለሉ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ ግቢያችን አጥር ላይ ነጭ አበባ ያላቸው ሁለት ሐረጎች ተጠላልፈዋል። እኛ ሁለቱንም ጠምበለል እንላቸዋለን፤ ጎረቤታችን ግን አንዱ አዞ ሐረግ ነው አሉን። ዘመዳሞች ናቸው? ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ከጠምበለሉ ቆርጬ መውሰድ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ዝምድና የላቸውም። ሐረግ መሆን የአኗኗር ጠባይ ነው፤ ዕፅዋት በዋናነት የሚመደቡት በአበባቸውና በፍሬያቸው ነው። ጠምበለል ጃስሚነም የሚባለው ወገን ነው፤ የደጋው ዝርያ ጃስሚነም አቢሲኒከም ይባላል። ቤተሰቡ የወይራ ቤተሰብ ነው። አዞ ሐረግ ክሌማቲስ ነው፤ ክሌማቲስ ሲመንሲስ የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራሮች ነው። እሱ የሚዛመደው ከጥቁር አዝሙድ ጋር ነው።

አንድ አበባ ቀጥፈው ይክፈቱት። የጠምበለል አበባ ከሥሩ ቱቦ ነው፤ ቱቦውን ቢሰነጥቁት 2 ወንዴ ዘንግ (የአበባ ዱቄት የሚይዝ ክር) ብቻ ያገኛሉ። ፍሬው ሲበስል ጥቁር፣ ውኃማ ነው። የአዞ ሐረግ አበባ ቱቦ የለውም፦ 4 ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች፣ መሐሉ ላይ ብዙ ወንዴ ዘንግ፤ ሲያፈራ እንደ ላባ ጭራ ያላቸው ፍሬዎች ይንጨባረራሉ። አበባ በሌለበት ወቅት አወጣጡን ይዩ፤ ጠምበለል በግንዱ ይጠመጠማል፣ አዞ ሐረግ በቅጠሉ ዘንግ ይይዛል። በአንድ የቅጠል ዘንግ ላይ ያሉትን ቅጠሎች መቁጠር ብቻውን ያሳስታል፤ 3 ቅጠል ያለውም፣ 5 እና 7 ያለውም ጠምበለል ይባላልና።

አዞ ሐረጉን በባዶ እጅ አይጭመቁት። እርጥቡ ሲጨፈለቅ ፕሮቶአኔሞኒን የሚባል የሚያቃጥል ነገር ይፈጠርበታል፤ ቆዳን ውኃ ያስቋጥራል። ቁስል ላይ የሚያስሩት ሰዎች አሉ፤ እባክዎ እንዳይሞክሩት።

ለማጽደቅ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ መጠንከር ከጀመረ የዘንድሮ ቅርንጫፍ 3 አንጓ ያለው 15–20 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ። ታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርገው ይቁረጡት፤ ተዘቅዝቆ የተተከለ አይጸድቅምና ምልክት ይሆንዎታል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይውሰዱት። አሸዋና ብስባሽ እኩል በተቀላቀለበት የችግኝ ላስቲክ 2 አንጓ ቀብረው ጥላ ሥር ያኑሩት። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፤ ቢሆንም በጣትዎ ነክተው እርጥብ ከሆነ ውኃ አይጨምሩ። ታችኛው ጫፍ ጠቁሮ ከበሰበሰ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የውኃ ብዛት ነው።

ከዚህ የሚሻለው ግን ሳይቆርጡ ማጽደቅ ነው፦ ረጅም ቅርንጫፍ ወደ መሬት ጎንበስ አድርገው፣ ከሆዱ በኩል ልጡን ጫር ያድርጉና 5 ሴንቲ ሜትር ቀብረው ድንጋይ ይጫኑበት። ከ2–3 ወር በኋላ ቀስ አድርገው ሲስቡት ካልተነቀለ ሥር ይዟል፤ ያኔ ከእናቱ ቆርጠው ከነአፈሩ ለእህትዎ ይውሰዱላት።